ሳሏን የምትውጥ ሠራተኛ
በወረርሽኝ ጊዜ ስለ ሥራ ቦታ ደህንነት በሀዋሳ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር

ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ስትሠሩ ውላችሁ፣ ቤታችሁ ሳትደርሱ ወደዚህ አዳራሽ ለመጣችሁ የፋብሪካና የሆቴል ሠራተኞች ምስጋናዬ የተለየ ነው። የዛሬው ጉዳይ ከማንም በፊት የእናንተ ነውና። የምናገረው ወረርሽኝ ሲመጣ በሥራ ቦታ የሚፈጠረውን አደጋ እንዴት እንደምንከላከልና የሠራተኛውን ጤናና መንፈስ እንዴት እንደምንጠብቅ ነው። ስለ ሥራ ዓይነት ሁሉ ለመናገር ጊዜው አይበቃንም። ስለዚህ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ዋና ምሳሌ አድርጌ በመጀመሪያ በ2012 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን የሆነውን አስታውሳለሁ። ቀጥዬ ሠራተኛ ሕመሙን ለምን እንደሚደብቅ እመረምራለሁ። በመጨረሻም ከፋብሪካው በር ውጭ ስላለው ኑሮና ስለ አእምሮ ጤና እናገራለሁ። ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለመካከለኛው ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዳንዶቻችሁ «ኮሮና አልፎ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ሁኔታውን ማብቃት ካስታወቀ ወዲህ ጭምብሉም ሳኒታይዘሩም ከዓይናችን ርቋል። ነገር ግን በኅዳር 2018 ዓ.ም. የማርበርግ በሽታ በጂንካ መከሰቱ ሲነገር፣ በበሽታው ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች እንዳሉበት ሰምተናል። እነዚህ ሰዎች በሽታው ያገኛቸው ሥራቸው ላይ ነው። ወረርሽኝ ለአገራችን እንግዳ ሆኖም አያውቅም። በ1911 ዓ.ም. የመጣው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል፤ ራስ ተፈሪም ታመው የዳኑት ያኔ ነበር። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ሰብስበን የምናጤሰው ከዚያ ዘመን በቀረ ልማድ ነው። ቆሻሻ ማቃጠሉን አልረሳንም። በዚያ ወር ታሞ ከሥራ የቀረ ሰው ቤተሰቡን በምን እንዳበላ ግን የሚያስብ ሥርዓት ሳናቆም መቶ ዓመት አልፎናል።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክፍል ልግባ። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። 52 ሼዶች ያሉት፣ በልብስና በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ላይ ያተኮረ፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው እንዲቀጥር የታሰበ ፓርክ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ይዞ ነበር። አብዛኞቹ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች ገጠሮች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ለብዙዎቹ ይህ ሥራ በሕይወታቸው የመጀመሪያው የደመወዝ ሥራ ነበር። ከወላጆቻቸው ቤት ርቀው ሲኖሩም የመጀመሪያቸው ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከተማችን በዚያ ወቅት ድርብ ሸክም ነበረባት። የሲዳማ ክልል ሥልጣኑን በይፋ የተረከበው ሰኔ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ወረርሽኙ የደረሰው አንዱ መስተዳድር ሊያስረክብ ሌላው ሊረከብ በሚዘጋጅበት ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ቢዘጋም ፋብሪካ አልተዘጋም። አገራችን እንደ አንዳንድ አገሮች ሁሉንም ሰው ቤቱ አላስቀመጠችም፤ እኔም ውሳኔው ትክክል ነበር እላለሁ። ዛሬ ሠርቶ ዛሬ ለሚበላ ሕዝብ በር መዝጋት ራሱ በሽታ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ክፍት ይሁን ያለ ሁሉ፣ በዚያ በር የሚገባውን ሰው የመጠበቅ ዕዳ አብሮ ይወስዳል።

በወረቀት ላይ ዕዳውን ለመክፈል ብዙ ተሞክሯል። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ከአሠሪዎችና ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ሆኖ የሥራ ቦታ መመሪያ አወጣ። የአስቸኳይ ጊዜው ደንብም አሠሪ በዘፈቀደ ሠራተኛ እንዳይቀንስ ከለከለ። በየፋብሪካው በር የእጅ መታጠቢያ ተተከለ፣ ሙቀት ይለካ ጀመር፣ ጭምብል ግዴታ ሆነ፤ በፓርኩ ውስጥ ካሉ ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ጭምብል ወደ መስፋት ዞሩ። ይህ ሁሉ መልካም ነበር።

ከቫይረሱ ቀድሞ የመታን ግን የትዕዛዝ መሰረዝ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ሱቆች ሲዘጉ፣ ልብስ ያዘዙት ኩባንያዎች ትዕዛዛቸውን ሰረዙ ወይም አዘገዩ። ባንግላዴሽ ብቻዋን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ትዕዛዝ እንደተሰረዘባትና እንደታገደባት የአገሪቱ የልብስ አምራቾች ማኅበር በዚያው ወቅት አስታውቋል። ማዕበሉ ሀዋሳም ደረሰ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ተመራማሪዎች የፓርኩን ሴት ሠራተኞች በስልክ እየጠየቁ ጥናት አካሂደው ነበር። ብዙዎቹ ደመወዝ እየተከፈላቸው ዕረፍት እንዲወጡ መደረጋቸውን ወይም ከሥራ መሰናበታቸውን፣ ሥራ ያቆሙት ወደ ገጠር መመለሳቸውን፣ የምግብ እጥረትም በሰፊው እንደነበረባቸው አሳይቷል። ይህን ውጤት በልባችሁ ያዙልኝ። ሠራተኛዋ በዚያን ጊዜ ሁለት ነገር ትፈራ ነበር፦ በሽታውን፣ እና ሥራ ማጣትን። ሁለቱ ፍርሃቶች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው የአሠሪው ሥርዓት ነው።

ይህ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያደርሰኛል። አገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ትላለች። ተረቱን ስንጠቅስ ሁልጊዜ የምንወቅሰው ደባቂውን ነው። እኔ ዛሬ ጥያቄውን ወደ አሠሪውና ወደ ሕጉ ላዙረው፤ ሠራተኛዋን እንድትደብቅ ያደረጋት ምንድን ነው?

ማለዳ ላይ አንዲት ሠራተኛ የፋብሪካ በር ስትደርስ አስቧት። ሌሊቱን ጉሮሮዋን ሲቧጥጣት አድሯል፣ ሰውነቷም ደክሟል። በሩ ላይ ሙቀት የሚለካ ሰው ቆሟል። ኮሮና ግን ትኩሳት ሳያሳይ ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል፤ የተያዘ ሰው ምልክት ከማየቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት እንኳ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ በሩ ላይ ያለው መሣሪያ ብዙ የተያዘ ሰው ሳያውቅ ያሳልፋል። ጉሮሮዋ እንደሚቧጥጣት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ፋብሪካው በሽታውን ቀድሞ ሊያውቅ የሚችልበት አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ እሷ ስትናገር። እንግዲህ የመከላከሉ ሥራ ሁሉ ከንግግሯ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ስትናገር ምን እንደሚደርስባት እንይ።

መጀመሪያ ገንዘቧ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በዚህ ዘርፍ ዝቅተኛው መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደሆነ ጽፏል። አገራችን ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢያመለክትም ወረርሽኙ የደረሰው ቦርዱ ሳይቋቋም ነው። እንዲህ ባለ ደመወዝ ላይ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች የተለመደ አንድ ነገር አለ፤ ወሩን ሙሉ ሳትቀር ለተገኘች ሠራተኛ የሚከፈል የአቴንዳንስ ቦነስ። ደመወዙ ትልቅ ቢሆን ቦነሱ ትንሽ ነገር ነበር። ደመወዙ ትንሽ ሲሆን ግን የቤት ኪራይ የሚሞላው እሱ ነው። ይህ ቦነስ መቅረትን ለመቀነስ ታስቦ የተፈጠረ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሰላሙ ጊዜም ፋብሪካ ያለ እሱ ይቸገራል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን ዓላማው ተገልብጦ፣ የታመመች ሴት መስመሯ ላይ እንድትቀመጥ የሚከፈል ክፍያ ይሆናል። አንድ አሠሪ በአንድ እጁ «ከታመማችሁ ቤት ቅሩ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ በሌላ እጁ ለቀረችው ከቀነሰባት፣ ሠራተኛዋ የምታምነው የደመወዝ ወረቀቷን ነው፤ ማመኗም ትክክል ነው።

ቀጥሎ ሕጉ ነው። ሕጋችን ስለ ሕመም ፈቃድ የሚሰጠው መብት ሲነበብ መጥፎ አይደለም። ሠራተኛ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱም በወረርሽኝ ጊዜ ይሰፋሉ። አንደኛው መብቱ የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። ሰው በብዛት በሚለቅበትና አዲስ በሚቀጠርበት ፓርክ ውስጥ፣ በማንኛውም ቀን ከሠራተኛው መካከል ብዙዎቹ ገና በሙከራ ላይ ናቸው። አዲሷ ልጅ ከሁሉ የባሰ ፍርሃት ያለባት፣ ማንንም የማታውቅ፣ ቁጠባ የሌላት ናት፤ ከሕመም ፈቃድ ውጭ የቀረችውም እሷው ናት። ሁለተኛው ቀዳዳ የሐኪም ማስረጃው ነው። ክፍያውን ለማግኘት ከጤና ተቋም ወረቀት ማምጣት ግድ ነው። ጤና ጣቢያዎች በተጨናነቁበት ወቅት ቀላል ሳል ያላትን ልጅ ለወረቀት ብለን ወረፋ ላይ ማቆም፣ ወይ እሷን ለሌላ በሽታ ማጋለጥ ነው፣ ወይ በእሷ አማካይነት ሌላውን።

ሦስተኛው ነገር መስመሩ ራሱ ነው። የልብስ ስፌት ሥራ በላይን የሚሠራ ነው። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዲት ኦፕሬተር ስትጎድል ሥራው ከኋላዋ ይከመራል። ታርጌቱ ለመላው ላይን የተሰጠ ስለሆነ የእሷ መቅረት ጓደኞቿን ያስወቅሳል። ስለዚህ ሕመሟን የምትደብቀው ሱፐርቫይዘሩን ብቻ ፈርታ እንዳይመስላችሁ፤ ለጓደኞቿም አዝና ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የጤና መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች አያዩትም፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ግን ይኸኛው ነው። መልካም ባሕርይዋ ራሱ፣ ሰው እንዳላስቸግር የሚለው አስተዳደጓ፣ በተበላሸ አሠራር ውስጥ ሲገባ ጎጂ ይሆናል።

በመጨረሻ ይሉኝታና መገለል አለ። በ2012 ዓ.ም. አንድ ሰው በአምቡላንስ ወደ ለይቶ ማቆያ ሲወሰድ ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ያይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የታመመችን ሠራተኛ አከራይዋ «ከዚህ ቤት ውጪልኝ» ሊላት ይችላል። የጤና ባለሙያዎችም ይህ ደርሶባቸዋል፤ ሕይወታቸውን ለሕዝብ አስይዘው እየሠሩ ጎረቤት የሸሻቸው አሉ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ፍርሃት ሁላችንንም ይዞን ነበርና። ነገር ግን የምትናገር ሴት ገንዘብ፣ ሥራ፣ ጓደኛና መኖሪያ በአንድ ጊዜ ልታጣ እንደምትችል ካወቅን፣ ለምን ዝም አለች ብለን አንጠይቅም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አሠሪዎች እዚህ ስላላችሁ በግልጽ ልናገር። ወረርሽኝ ሲታወጅ በዚያው ቀን የአቴንዳንስ ቦነሱን ከመገኘት ጋር ማያያዙ ይቁም፤ ገንዘቡ ወደ መደበኛው ክፍያ ይግባ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሕመም ቀናት ያለ ሐኪም ወረቀት፣ በሠራተኛዋ ቃል ብቻ ይከፈሉ፤ በሙከራ ላይ ያሉትም ይጨመሩ። በየላይኑ ከአንድ በላይ ሥራ የሚችሉ ተጠባባቂ ኦፕሬተሮች ቀድመው ይሠልጥኑ፤ ያኔ የአንዷ መቅረት የጓደኞቿ ዕዳ አይሆንም። «ይህን ሁሉ ያለ አግባብ የሚጠቀምበት ይኖራል» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይኖራል። ሳይታመም ሦስት ቀን የቀረ ሰው ፋብሪካውን የሦስት ቀን ደመወዝ ያስከፍለዋል። ታምማ የመጣች ሴት ግን ላይኑን በሙሉ ልታስተኛ ትችላለች። ጀርመን ውስጥ ሬዳ ቪደንብሩክ በምትባል ከተማ ያለ ትልቅ የሥጋ ፋብሪካ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከ1,500 በላይ ሠራተኞቹ ተይዘውበት ሥራ አቁሟል። እዚያም ሠራተኞቹ አብዛኞቹ በሦስተኛ ወገን የተቀጠሩ ስደተኞች፣ ተጨናንቀው የሚኖሩ ነበሩ፤ ቀዝቃዛው አየርም በአዳራሹ ውስጥ ተመልሶ ይሽከረከር ነበር። አገሪቱ ከዚያ በኋላ በሥጋው ዘርፍ በሦስተኛ ወገን መቅጠርን በሕግ ከልክላለች። ስለ አየሩ አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልለፍ፦ በመጀመሪያው ወቅት ጉልበታችንን ሁሉ እጅ መታጠብና ዕቃ ማጽዳት ላይ አፈሰስን፤ በኋላ ግን ቫይረሱ በተዘጋ ቤት አየር ውስጥ እንደሚቆይ በደንብ ታወቀ። የሀዋሳ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፤ መስኮትና በር ከፍቶ መሥራት በአብዛኛው ዓመት ይቻላል።

ሠራተኞችም መብታችሁን እወቁ። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ጤናና ደህንነት እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሠራተኛው ስለ አደጋው አስጠንቅቆ አሠሪው በጊዜው ካልተከላከለ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የማቋረጥ መብት ይሰጠዋል። ግን ሥራ የመልቀቅ መብት ለድሃ ሰው ምን ያህል መብት ነው? የሚጠቅማት ሥራዋ ላይ እያለች መናገር መቻሏ ነው። ለዚህም በየፋብሪካው የደህንነትና ጤና ኮሚቴ አለ የሚለው ብቻ አይበቃም፤ በኮሚቴው ውስጥ መስመር ላይ የምትቀመጥ ሴት መኖር አለባት፣ እሷንም ሠራተኞቹ ይምረጧት።

አሁን ወደ መጨረሻው ክፍል ልሻገር። የፋብሪካ አደጋ በፋብሪካ በር አያበቃም። የፓርኩ ሠራተኞች ኪራዩን ለመቻል ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ አንዳንዴ ፍራሹንም ጭምር። ማሽኖቹን አራራቅናቸው፣ ማታ ግን ሠራተኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ ለትንፋሽ ያድራሉ። ሲንጋፖር ሀብታምና የተደራጀች አገር ናት፤ በ2012 ዓ.ም. ግን ወረርሽኙ በስደተኛ ሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ገብቶ የአገሪቱ ታማሚ በአብዛኛው ከዚያው ሆነ። ከተማችን ለፓርኩ መሬትና መንገድ ስትሰጥ፣ መኖሪያ ቤቱን ለግለሰብ አከራዮች ትታዋለች። ይህ ከወረርሽኝ ጋር የማይገናኝ የሚመስል የከተማ ፕላን ጉዳይ፣ ለእኔ ከማንኛውም የጭምብል መመሪያ ይበልጣል።

ስለ አእምሮ ጤናም ብዙ አልተነገረም። ከገጠር የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ወላጆቿ ጋ ብር መላክ ያለባት፣ አለቃዋ ቋንቋዋን የማይናገር፣ ወረርሽኝ መጣ ሲባል የምታማክረው ማን አላት? ሰፈራችን ሐዘንን በእድር ተሸክሞ ይኖራል። የፓርኩ ልጆች ግን እድር የላቸውም፤ ነባሩ እድር አብዛኛውን ጊዜ የቤት ባለቤትንና ባለትዳርን እንጂ ተከራይ ልጅን አይመዘግብም። በየሰፈሩ ያላችሁ የእድር ዳኞች ለእነዚህ ልጆች በትንሽ መዋጮ በር ብትከፍቱላቸው፣ ከአማካሪ ቢሮ የሚበልጥ አገልግሎት ትሰጣላችሁ። የታመመችን የሚጠይቅ፣ ደጃፏ ላይ ምግብ የሚያኖር፣ አከራይዋን የሚያናግር ሰው ታገኛለች። የባጃጅ ሾፌሩና በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የምትሸጠው እናትም አሠሪ የላቸውም። ለእነሱ ደግሞ ከእድርና ከእቁብ ሌላ የሕመም ፈቃድ እስካሁን አልተፈጠረም።

የዚህን ሁሉ ወጪ ማን ይሸፍናል የሚለው ይቀራል። በወረርሽኙ ጊዜ የጀርመን መንግሥት በሰጠው ገንዘብ፣ በዓለም የሥራ ድርጅት አማካይነት ለኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኞች የደመወዝ ድጎማ ተሰጥቷል። መልካም ሥራ ነው፤ ግን የተደራጀው መከራው ከደረሰ በኋላ ነው፣ የመጣውም ከሌላ ሕዝብ ግብር ነው። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል፣ ስትታገድና ፓርኩ እንደገና ሲናወጥም፣ የሠራተኛዋ ባዶ እጅ ያው ነበር። ዛሬ የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ያዋጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል፤ ለሥራ ማጣት የሚከፍል መድን ግን የለንም። እኔ የምጠይቀው በፓርኩ ደረጃ አንድ የወረርሽኝ ፈንድ እንዲጀመር ነው። ልብሱን የሚያዙት ኩባንያዎች ከሚከፍሉት ዋጋ ላይ ጥቂት ሳንቲም፣ ፋብሪካዎቹ ጥቂት፣ የከተማው አስተዳደር ጥቂት ያዋጡ፤ ሠራተኛዋ ከደመወዟ እንዳትቆረጥ። በ2012 ዓ.ም. ገንዘቡን ወደ ገጠር ለተመለሰች ልጅ ማድረስ ራሱ ችግር ነበር። አሁን ቴሌብር አለ፤ ክፍያው በታመመችበት ሳምንት ያለችበት ቀበሌ ድረስ ሊገባላት ይችላል። የኅብረት ስምምነት የምትደራደሩ የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች እዚህ አላችሁ፤ የፈንዱ አንቀጽ በሚቀጥለው ድርድራችሁ ረቂቅ ውስጥ ይግባ።